አምስት ሌሊት በጅቡቲ፦ ወደቡ አጠገብ ባለች ርካሽ ሆቴል

ሐሙስ

ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ካርታው ፊት ቆሜ ጣቴን ጅቡቲ ላይ አሳርፋለሁ። «ከአገራችን የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ በኩል ያልፋል» እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። ትምህርት ቤታችን አዳማ ነው፤ ተሳቢዎቹ ሌት ተቀን ሲያልፉ ከክፍል ሆነን እንሰማቸዋለን። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሄደው አይተውታል?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። ጥያቄዋ ከልቤ አልወጣም። የሴሚስተር ዕረፍት ሲመጣ ትንሽ ገንዘብ ቋጥሬ ተነሣሁ።

ትናንት ድሬዳዋ አድሬ ዛሬ በጠዋት ባቡር ያዝኩ። ከድሬ ወዲያ መሬቱ እየደረቀ ይሄዳል። ግራሩ ይሳሳል፤ ድንጋዩ ይጠቁራል። ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ ከዚያ ነጋድ። ፈረንሳዮቹ የድሮውን ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 መሥራት ጀምረው አዲስ አበባ የደረሱት በ1917 ነው። ድሬዳዋም ከተማ የሆነችው በዚያ ባቡር ምክንያት ነው። እኔ የመጣሁበት አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሰው መጫን ከጀመረ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም።

ነጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ይዤ ሆቴሌ ደረስኩ። ሦስት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ኪራዩ በሌሊት 6,000 ፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አልጋዬ ወደ 34 ዶላር መሆኑ ነው። ለእኔ ብዙ ብር ነው። እዚህ ግን ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጅቡቲ ውድ ከተማ ናት። የሚበላውም የሚለበሰውም ከሞላ ጎደል ከውጭ ነው የሚገባው።

ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት የሆቴል ክፍል ማየት የሚጀመረው ከበሩ ነው። መጀመሪያ የሰጡኝ ክፍል መቀርቀሪያው ተሰብሯል። ወርጄ ነገርኳቸው። ሪሴፕሽን ያለው ሽማግሌ አልተከራከረኝም፤ ሌላ ቁልፍ ሰጠኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ። መቀርቀሪያው ጠንካራ ነው። አንሶላው ስስ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ የሳሙና ሽታ አለው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስተዋት፣ ያረጀ ኤሲ። መስኮቱን ስከፍት ከጣሪያዎቹ በላይ የክሬኖቹ አንገት ታየኝ። ቆሜ ቀረሁ። 11 ዓመት በጣቴ ስነካው የኖርኩት ቦታ ያ ነው።

የምታጸዳው ልጅ የድሬ ልጅ ናት። ገና ሳንተዋወቅ «አንቺ፣ ከየት ነሽ?» አለችኝ። ድሬዎች እርስዎ ማለት አይሆንላቸውም፤ ደስ አለኝ። «አቦ፣ የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ጥሪኝ። ውኃ 12 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በፊት ታጠቢ» ብላኝ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ ያየሁትን ልጻፍ። ከእያንዳንዱ ኤሲ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ገብቷል። የባሕሩ አየር እርጥብ ስለሆነ ኤሲው ሲያቀዘቅዘው ውኃ ይሆናል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንድ ጀሪካን በአንድ ሌሊት ከግማሽ በላይ ይሞላል። ጠዋት ኮሪደሩ የሚወለወለው በዚያ ውኃ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ እርጥበትና ስለ ጤዛ ሳስተምር የማመጣው ምሳሌ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ነበር። ከእንግዲህ ጀሪካኑን ነው የምነግራቸው።

ዓርብ

ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ጥግ ላይ አንዲት የወሎ ሴት በጀበና ቡና ታፈላለች፤ ሁለት ስኒ ጠጣሁ። ቡናው ከእኛ አገር ነው። ስኳሩ ግን በመርከብ የመጣ ነው አለችኝ።

በእግሬ ወደ መሃል ከተማ ሄድኩ። ትልቁ አደባባይ በወረቀት ላይ ስሙ የ27 ሰኔ 1977 አደባባይ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጅቡቲ ነፃ የወጣችበት ቀን። ሰው ግን የሚያውቀው ምኒልክ አደባባይ ብሎ ነው። ታክሲ ነጂው፣ የውኃ ሻጩ፣ ፖሊሱ ሁሉ ምኒልክ ይላሉ። በዙሪያው ነጫጭ ቤቶች አሉ፤ ፊታቸው ቅስት በቅስት ነው። በረንዳው ሥር ጥላ አለ። በዚህ አገር ጥላ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሰው መንገድ የሚመርጠው በርዝመቱ ሳይሆን በጥላው ነው። ጥር ስለሆነ አየሩ ደህና ነው። በክረምቱ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ንፋስም አለ። አቅም ያለው ሰው በዚያ ወቅት ወደ ድሬና ወደ ሐረር ይወጣል።

ከአደባባዩ ትንሽ እልፍ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ አለ። የጁምዓ ሰዓት ገና ሳይደርስ ሰዉ እስከ መንገዱ ድረስ ሞልቷል። ዳር ይዤ አልፌ ተመለስኩ።

ሆቴል ስደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጸጉሬን ሳሙና አድርጌ ገና ሳላለቀልቅ ውኃው ቀጥ አለ። እኔ 12 ሰዓት ማለት ማታ መስሎኝ ነበር። በእነሱ ሰዓት 12 እኩለ ቀን ነው፤ በእኛ 6 ሰዓት። የድሬዋ ልጅ ለሥራ የምትጠቀመው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አልጠየቅኳትም። ፎጣ ጠቅልዬ ከበሩ ወደ ኮሪደሩ ተጣራሁ። መጣች። አንዱን ቢጫ ጀሪካን ብድግ አድርጋ «በዚህ አለቅልቂው፤ እኛም ጸጉራችንን በዚህ ነው የምናለቀልቀው» አለችኝ። ቀዝቃዛ ነው። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ይሄኛው ምንም የለውም። ጸጉሬ እንደ ዛሬ ለስልሶ አያውቅም።

ማታ ስለ ቧንቧው ውኃ አወራን። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከእኛው ሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ ወደ ጅቡቲ ይመጣል። የመብራቱም መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ያ ያረጀ ኤሲ የሚሠራው ምናልባት በግቤ ወይም በበለስ ውኃ ነው። ይኼን ለልጅቷ ስነግራት ኤሲውን ቀና ብላ አየችው። «ወላሂ? እኔ ብቻ አይደለሁማ ከዚያ የመጣሁት» አለች።

ቅዳሜ

ጠዋት ታች ካለው አዳራሽ ከአንድ ትራንዚተር፣ ማለትም የሰው ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ ከሚያስወጣ ሠራተኛ ጋር ተዋወቅሁ። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ። ፊቱ ላይ እንቅልፍ የለም። ዘጠኝ ቀኑ ነው። አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ለማስወጣት ነው የመጣው። ውስጡ የሕክምና ጓንትና ስሪንጅ ነው።

«ምን ያዘው?» አልኩት።

«አንድ ቁጥር፣ ቲቸር። አንድ ቁጥር።»

ወረቀቱን ከፕላስቲክ ፋይሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እያንዳንዱ ኮንቴይነር አራት ፊደልና ሰባት ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ባለቤቱን ይናገራሉ። አራተኛው ፊደል ዩ ነው፤ ዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ስድስት መለያ ቁጥር። ሰባተኛው ቁጥር ብቻውን በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይጻፋል። እሱ ከፊት ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች በስሌት የሚወጣ ነው። አንዱ ቢሳሳት ሰባተኛው አልገጥምም ይላል፤ ስህተቱም ይታወቃል። በእሱ ወረቀት ላይ ከስድስቱ አንዱ 6 መሆን ሲገባው 8 ተብሎ ተተይቧል። የተየበው ሰው ሌላ አገር ነው። ማስተካከያው ደግሞ ከዚያው መምጣት አለበት፤ እዚያ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፣ እዚህ ዓርብ። በመካከል ሦስት ቀን ይበላል።

ኮንቴይነሩ በነጻ የሚቆይበት ቀን ካለቀ በኋላ ክፍያው በየቀኑ በዶላር ይቆጠራል። ዲመሬጅ ይሉታል። ዕቃው በመልቲ ሞዳል ቢሆን ኖሮ አጓጓዡ ራሱ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያደርሰው ነበር፤ የጉምሩኩ ሥራ እዚያ ያልቅ ነበር። የእሱ ግን በዩኒ ሞዳል ነው፤ አጓጓዡ የሚያደርሰው እስከዚህ ወደብ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚሯሯጥ ሰው ያስፈልጋል።

«ባለቤቱ ይጮህብኛል። ሐኪም ቤቶቹ እሱ ላይ ይጮሃሉ» አለኝ። ቁጥሩን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ እንዲህ ያለ ነገር ሲያስጨንቀው የሚያድር ሰው እንዳለ እንዳልረሳ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሌስካል ወደሚባለው የድሮ ወደብ ወረድኩ። ወደ ታጁራና ኦቦክ የሚሄዱ ጀልባዎች ከዚያ ይነሳሉ። የእንጨት ጀልባዎቹ ዳር ተደርድረው ይወዛወዛሉ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ተራራው በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ልጆች ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ይዋኛሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። የመኪና ኪራዩን ስጠይቅ አቅሜ አልሆነም። እያማረኝ ተውኩት።

ራት የየመን ዓሣ በላሁ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል። ቀይ ቅመም ይቀቡትና እንደ ጋን የቆመ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ያንጠለጥሉታል። ቂጣውን ደግሞ እዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ሲወጣ ጠርዙ የጠቆረ፣ መሃሉ የሚያብረቀርቅ ነው። በእጅ ነው የሚበላ፣ ጋዜጣ ላይ። ብቻዬን ነበርኩ፤ አንድ ቤተሰብ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የምንግባባበት ቋንቋ አልነበረንም። አባትየው አጥንቱን እያወጣ ለልጆቹ ሲሰጥ ለእኔም አንድ ቁራጭ አኖረልኝ።

እሑድ

ትናንት ማታ ጣሪያው ላይ ልብስ ሳሰጣ አንድ አዛውንት ሹፌር አገኘሁ። ስድሳን የተሻገሩ ይመስለኛል። «ጋሼ፣ መኪናዎት የት ነው?» አልኳቸው።

«ፒኬ 12 ነው፣ ልጄ። ረዳቴ አለ። እኔ ሁልጊዜ መኪናዬ ሥር ነው የምተኛው፤ እዚያ ይነፍሳል። በወር አንዴ ግን ገላዬን በደንብ ልታጠብ ብዬ አልጋ እይዛለሁ።»

ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ፒኬ 12 ወሰዱኝ። ስሙ ከከተማው መሃል 12ኛው ኪሎ ሜትር ለማለት ነው። ቃላት ያንሰኛል። ዓይን እስኪደክም ድረስ የኢትዮጵያ ታርጋ ነው። ከተሳቢው ሥር ፍራሽ ተነጥፏል። ኬሮሲን ምድጃ ላይ ሽሮ ይንተከተካል። አንዱ ጢሙን በጎን መስተዋት ይላጫል። ሌላው ጎማ ላይ ተቀምጦ ስልክ ይዞ «እማዬን ስጪኝ» ይላል። እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ስለሆነ ወደ ዶራሌ የሚሄደው መንገድ አይቆምም። የኮንቴይነሩ ተርሚናልም፣ የነዳጁም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ሁለገቡ ወደብም በዚያ በኩል ነው። ስንዴና ማዳበሪያ የያዘ መርከብ ሲገባ መኪና ይጠራል። እስኪጠራ ይጠበቃል። ሦስት ቀንም ይሆናል፣ አሥር ቀንም ይሆናል።

«በአሰብ ጊዜ ነበር የጀመርኩት» አሉኝ ጋሼ። «እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወደዚህ ዞረ። እኛም ዞርን። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ አሰብ ነበርኩ። የመጨረሻው ሲወለድ እዚህ።»

የጫኑት ማዳበሪያ ነው። አንድ ጆንያ ጫፉ ተተርትሮ ነጫጭ ፍሬው መሬት ላይ ፈሷል። ጋሼ ተንበርክከው በመዳፋቸው አፍሰው አንድ ፌስታል ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ጆንያውን በወስፌ ሰፉት፤ ቀስ ብለው፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ወግተው፣ በጥርሳቸው ክሩን በጠሱ። የፌስታሉን መልሰው በጠባቧ ቀዳዳ አፈሰሱት። «የገበሬ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ግን ልጨምር። እነዚህ ሰዎች የሚያጡት እንቅልፍ ዋጋው አልተነገረም። በየክፍሉ «የወደብ አገልግሎት» ብለን አንድ መስመር እናስተምራለን። ያቺ መስመር ውስጥ ማን እንዳለ አንናገርም። ሰው የሚታጠብበት ውኃ፣ ጥላ ያለው ማረፊያ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ለእነሱ ሊበዛባቸው አይገባም። ከተማው አጠገብ ሆነው ከተማውን የሚያዩት በወር አንዴ ነው፤ ያውም ገላቸውን ለመታጠብ።

ሰኞ

ጉንፋን ይዞኝ አርፍጄ ተነሣሁ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከተማው ሲለወጥ በመስኮት አየሁ። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት የሚደርስበት ሰዓት ነው። መንገዱ ጭር ብሎ ቆይቶ በአንዴ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። ሴቶቹ ጠረጴዛቸው ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ይጠብቁ ነበር። እስሩ ከመኪናው ሲወረወር በአየር ላይ ይቀልቡታል። በሩብ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ከዚያ ከተማው ተመልሶ ተኛ።

ትራንዚተሩ ማታ በሬን አንኳኳ። ማስተካከያው ዛሬ በኢሜይል ገብቶለታል። ነገ ማኅተሙን ካገኘ ከነገ ወዲያ ይጫናል። እጁ ላይ ሁለት ማንጎ ይዟል። «አንዱን ላንቺ» አለኝ። ይህን ሁሉ ቀን እህቱን «ነገ እመጣለሁ» እያለ እንደዋሻት ነገረኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን በላን። ከጎናችን ጀሪካኑ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። የድሬዋ ልጅ ጫማዋን ሳታደርግ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ለእናቷ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ አስይዛኛለች፤ አንድ ጠርሙስ ሽቶና ሁለት ሻሽ። እናቷ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ናቸው። «ደህና ናት በያት። ኤሲ ያለበት ቤት ነው የምትሠራው በያት» አለችኝ። ኤሲው በእንግዶቹ ክፍል እንጂ በእሷ ክፍል የለም። እሺ አልኳት።

ባቡሩ ከድንበሩ በኋላ አንድ ትንሽ ጣቢያ ላይ ቀዝቀዝ አለ። በዚህ በኩል ሐዲዱ ነጠላ ነው። አንዱ እንዲያልፍ ሌላው ጎን ገብቶ ይቆማል። አሁን የቆመው የጭነት ባቡር ነው፤ ወደ ሞጆ የሚሄድ፣ በኮንቴይነር የተሞላ። እኛ በዝግታ ጎን ለጎን ማለፍ ጀመርን። ከመስኮቴ አንድ ክንድ ተኩል ቢርቅ ነው። ማስታወሻዬን ከፈትኩ። የትራንዚተሩ ኮንቴይነር እንደማይኖርበት አውቃለሁ፤ ገና አልተጫነም። ቢሆንም ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ፊደል፣ ዩ፣ ስድስት ቁጥር፣ ሳጥን ውስጥ አንድ። ሦስት ፊደል፣ ዩ፣ ስድስት ቁጥር፣ ሳጥን ውስጥ አንድ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምን እየቆጠርሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አደረጉና እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ አብረን አነበብን።